ትኋኑ ከጠፋ በኋላ

ሰኞ፣ ጥር 6
አንገቴ ላይ ቀይ እብጠት በመስመር ተደርድሮ ወጥቷል። ክንዴም እንደዛው። ሲያሳክክ ጉድ ነው! ለባሌ ባሳየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ትኋን ከሆነ እኔን ለምን አልነካኝም? ያው ከሥራሽ ያመጣሽው ነው።» የእንግዳ ማረፊያ አልጋ ስለማነጥፍ መሆኑ ነው። «የስንቱን አልጋ ስትነኪ እየዋልሽ...»

ረቡዕ፣ ጥር 8
አዲስ ሕግ ወጣ። ከሥራ ስመጣ ልብሴን በር ላይ አውልቄ፣ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ነው የምገባው። እሱ ቆሞ ያያል። ልጃችን ሚጢ «እማዬ፣ ለምን እዛ ታወልቂያለሽ?» አለች። ምን ልበላት? አፈርኩ። በገዛ ቤቴ በር ላይ...

ዓርብ፣ ጥር 10
መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ገና ስታየኝ «ትኋን ነው እትዬ» አለች። ባሌን ለምን አይነክሰውም ብላት ሳቀች። «ይነክሳቸዋል እንጂ! የአንዳንድ ሰው ገላ ምልክት አያሳይም።» በሳሙና መታጠብ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝ፣ ቅባት መቀባት። በሳምንት ሁለት ሳምንት ይጠፋል አለች። «ብቻ አደራ፣ እንዳያኩት።»
ለሱ ስነግረው «አሁን ደግሞ ቅባት ሻጭ ሁሉ ሐኪም ሆነ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

እሑድ፣ ጥር 12
ተገኘ! የአልጋውን ራስጌ ከግድግዳው ሳላቅቀው ስንጥቁ ውስጥ ይርመሰመሳል። ያ በጨረታ ያመጣው ራስጌ! «እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ የት ይገኛል» እያለ እንግዳ የሚያስዳስሰው! ጠርቼ አሳየሁት። አየ። አውጥቶ አቃጠለው። ይቅርታ የምትል ቃል ግን ካፉ አልወጣችም። ምን ነበረበት?
ቁስሉ እስኪድን ከሚጢ ጋር ልተኛ አልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 28
ቤቱ ተደጋግሞ መድኃኒት ተረጨ። ትኋን የለም። አንገቴ ድኗል፣ ጠቆር ያለ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ክንዴ ግን... «አልዳነልሽም?» ይለኛል። «ገና ነው» እላለሁ። ዞር ሲል አካለሁ። እስኪደማ። ምን ነክቶኝ ነው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 2
ክንዴ አበጠ። ይሞቃል፣ መግል ይዟል። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጥፍሬን አየችው። «እትዬ፣ ይሄ ትኋን አይደለም። የራስዎ ጥፍር ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቤት ውስጥ ችግር አለ እንዴ?» አለችኝ። ሰው ፊት አለቀስኩ። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው ብላ ላከችኝ፤ ኪኒን ታዘዘልኝ።
ቁስሉ እንዲድን አልፈለግኩም። ከዳነ ወደሱ አልጋ መመለሴ ነዋ። ይኸው፣ ጻፍኩት።
ጥፍሬን ከሥሩ ቆረጥኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 18
ዳነ። ጠባሳ አለው፣ ግን አያሳክክም። ከሥራ ስገባ በሩ ጋ ቆሟል። ልብሴን አላወለቅኩም። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየሁት።
«ጎሽ! እንግዲህ ዛሬ ወደ አልጋሽ...»
«አልመጣም።»
«ድኗል አይደል እንዴ?»
«ቁስሉማ ድኗል።»
ያቺን አንዲት የይቅርታ ቃል ይል ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ቆሜ ጠበቅኩ።
«እራት አለ?» አለ።
አቀረብኩለት። የሚጢ አልጋ ለሁለት ይጠባል። ነገ ፍራሽ እገዛለሁ። አዲስ፣ ለራሴ።