የእህቴ ዓይን በአንድ ቁልፍ ስለ ነጣበት ሁኔታ

ለተከበሩ የሪፈራል ሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በተለመደው ግርማዎ ላይ ሆነው ታገኝዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ማዶ ባለች አንዲት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ፎቶ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩትም ሦስት ጊዜ ያስገባሁት ማመልከቻ መልስ በማጣቱ እንጂ ክብርዎን ለመዳፈር አስቤ አይደለም።

፩. ከጤና ጣቢያዎች ለልዩ ሐኪም የሚላክ የሕመምተኛ ፎቶ ሁሉ ለተቋሙ ገጽታ የሚመጥን እንዲሆን አስቀድሞ በ«አውቶ ቶን» እንዲያልፍ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ይህ በፎቶ ማስተካከያው ሶፍትዌር ላይ አንዴ ሲጫኑት ብርሃኑንና ቀለሙን በራሱ ግምት የሚያስተካክል ቁልፍ ነው። እኔም ለሠርግ እጠቀምበታለሁ፤ አምፖል ቢጫ ያደረገውን ቬሎ ነጭ ያደርግልኛል። ጉዱ ግን ቢጫው ከአምፖል ይምጣ ከጉበት አይለይም።

፪. እናታችን ካረፈች ወዲህ እንደ እናት ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ከወር በፊት ዓይኗ ቢጫ ሆነ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ገና ስታያት ደነገጠች፤ ፊቷን በመስኮት ብርሃን አነሳች፤ በመመሪያዎ መሠረት ቁልፉን ተጫነችና ላከች። መልሱ በአራት ቀን መጣ፤ ለፍጥነትዎ እግዜር ይስጥልኝ። ዓይኗ ንጹሕ ስለሆነ ከአራት ወር በኋላ ትምጣ ይላል። ነርሷ «ቢጫ ናት» ብላ በጽሑፍ ስለገለጸች፣ ጽሑፏ ከፎቶው ጋር አይጣጣምም ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል።

፫. ያልተነካውን ፎቶ ይዤ መዝገብ ክፍል ብመጣ፣ ያልተስተካከለ ፎቶ ሲስተሙ አይቀበልም ተባልኩ። እህቴን ራሷን ደግፌ ባመጣት ደግሞ፣ የመዝገብ ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ኮምፒውተሩ ላይ ያለችውን አየና፣ ደህና ነሽ እኮ እናቴ፣ ምን ያንከራትትሻል አላት። ወይ ጉድ! እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር የቆመችው።

፬. አሁን ሰውነቷን ስታክ ትውላለች፤ ምግብ አስጠልቷታል፤ ከሰኞ ወዲህ የገዛ ልጇን በእኔ ስም ትጠራታለች። ቀጠሮዋ ሊደርስ ሦስት ወር ይቀረዋል። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤ በጣም ፈርቻለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሐኪም በገዛ ዓይኑ ይያት።

ያለ መድኃኒትና ያለ አልጋ፣ በአንድ ጣት ብቻ ይህን ያህል ሕመምተኛ ላዳነው አመራርዎ እጅ እየነሳሁ፣ ምንም ማስተካከያ ባልተደረገበት አክብሮት እሰናበታለሁ።

የሕመምተኛዋ ወንድም፣ ፎቶ አንሺው

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር በሆስፒታሉ መግቢያ የተሰቀለውን ጉርድ ፎቶዎን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጸሐፊዎ መመሪያው የእርስዎንም ይጨምራል ስላሉኝ ቁልፉን ተጭኜ አስረከብኩ። ዛሬ ግን ያልተነካውን ከፍቼ አየሁት። መብራቴ ይሆናል ብዬ እንዳልጽናና፣ ከእርስዎ ቀጥሎ በዚያው ወንበር፣ በዚያው መብራት ያነሳኋቸው የጸሐፊዎ ዓይን ነጭ ነው። የእርስዎ ግን ቁርጥ የእህቴን ነው። እባክዎ፣ ፎቶ አይላኩ፤ ራስዎ ይሂዱ።