ጓንት አውልቆ መጨባበጥ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። ለበረዶ አዳራሹ ወጥ ቤት ድንች ላጥኩ፤ ማክሰኞ ተራዬ ነው። የአዳራሹን በረዶ የሚያሰናዳው ዊልፍ የውሃ ጋኑን አዝሎ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ በረዶው ላይ ጠብታ ይረጫል። የከርሊንግ ጨዋታው ድንጋይ እስከ ዒላማው የሚንሸራተተው ጠብታው ሲረጋ ነው፤ ልሙጥ በረዶ ላይ አይሄድም።

የልጄ የቡድን ጓደኛ ጆስሊን ገባች። "አክስቴ፣ ደህና ነሽ?" አለች። ቧንቧውን ከፈትኩ። ውሃው ሲጮህ ያልሰማኋት ይመስላል...

ትንሽ ቆማ ወጣች።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 15

ደጁን ከበረዶ ጠረግኩ። ሌላ የለም።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19

አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ቀና ብዬ አየሁት። ላሪሳ የአገሩን ዋንጫ ይዛለች፤ ጆስሊን ከጎኗ። ልጄ ከርሊንግ የጀመረችው በስምንት ዓመቷ ነው። ድንጋዩ ከእሷ ብዙም አይቀልም ነበር። በሃያ ሰባት ዓመቷ የአገሩ አንደኛ ሆነች። በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ ባለፈው ኖቬምበር፣ ቀበርኳት።

እኛ ዘንድ፣ ጨዋታው እንደማይሆንለት ያወቀ ካፒቴን ጓንቱን አውልቆ ተጋጣሚውን ይጨብጣል። ያበቃል። አያሳፍርም። ነውሩ የማይሆነውን እየጎተቱ ሰው ማስጠበቅ ነው። ላሪሳ ግን መች ትሰማለች... "ይቺን ልጅ ለማሸነፍ መቅበር ነው እንጂ" ይል ነበር ዊልፍ። አዳራሹ ይስቃል። አሁን ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል። በክፋት እንዳላለው አውቃለሁ።

እንዲህ ያለችው ልጅ ኦገስት ላይ ሕክምናውን በቃኝ አለች። ሐኪሙ ገና የሚሞከር መድኃኒት አለ እያለ። ከከተማው ሆስፒታል በመኪና ያመጣቻት ጆስሊን ናት። ከእኔ ቀድማ ታውቅ ነበር። እኔ የሰማሁት መኪናው ደጄ ከቆመ በኋላ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ምን እያለቻት መጣች? እሷ ናት ያስተወቻት? ብጠይቃት እውነቱን ትነግረኛለች። ስለዚህ አልጠይቃትም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 24

የክፍለ አገሩ ሻምፒዮና ዘንድሮ በእኛ አዳራሽ ነው። የላሪሳ ቡድን በአራት ፈንታ በሦስት ሰው ይጫወታል። በእሷ ቦታ ሌላ አላስገቡም፤ ተፈቅዶላቸዋል። ድንጋዮቿን ይካፈሏቸዋል። ካፒቴኗ ጆስሊን ናት። እስካሁን እያሸነፉ ነው።

ሾርባ ስቀዳ ዋልኩ። ከወጥ ቤት አልወጣሁም።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 26

ፍጻሜው ነበር። ሁለት ዙር ሲቀር የእኛዎቹን ተጋጣሚዎቻቸው በአምስት ነጥብ ይመሯቸዋል። በሦስት ሰው ከድንጋዩ ፊት በረዶውን ሲጠርጉ ሰንብተው ክንዳቸው ዝሏል። ሽርጤን እንዳደረግኩ ሜዳውን ከሚያሳየው መስታወት ኋላ ቆምኩ። ሰው ሁሉ የጆስሊንን እጅ ያያል። ጓንቷን አላወለቀችም። ቀጠለች።

"ይቺ ደግሞ ከማን እንደተማረችው አይጠፋንም" አለች ጎረቤቴ ዶሪን። "ሾርባሽ ሙጫ ሆነ፣ ስቴፋ።"

"ይሁን።"

በሰባት ተሸነፉ። ከዚያ ተጨባበጡ። እንደ ወጉ አሸናፊዎቹ ለተሸናፊዎቹ ቢራ ገዝተው አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ጆስሊን ብርጭቆዋን ሳትነካ ወደ እኔ መጣች። ፊቴን አላዞርኩም።

"ምነው ቀደም ብለሽ አልጨበጥሽም?"

"አልቻልኩማ" አለች። "ላሪሳንም ሕክምናውን እንዳትተው ለምኛት ነበር፣ አክስቴ። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሜ። ሰደብኳትም። ፈሪ አልኳት።"

ለመነቻት? እኔ እኮ እስከ ዛሬ...

"እሷስ?"

"ሳቀችብኝ። 'እስከ መጨረሻዋ ድንጋይ የምጫወተው አሸንፋለሁ ብዬ መሰለሽ? መጫወቱን ስለምወደው ነው። ያን አልጋ ግን አልወደውም' አለችኝ። ከዚያ፣ 'ይልቅ ንጂ፤ እናቴ እራት ሠርታ ይሆናል።'"

ሠርቼ ነበር። ምን እንደነበር ግን ጠፋኝ።

ብዙ የምለው ነበረኝ። "ሂጂ ተቀመጪ፣ አስጠበቅሻቸው" ብቻ አልኳት።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ትናንት ጆስሊንን እራት ጠራኋት። ላሪሳን አላነሳናትም። ስለ ዊልፍ ጉልበት ሕመም አወራን፤ ዶሪንን በአዲሱ ፀጉሯ ትንሽ አማናት። ልትሄድ ስትል መኪናዋ አልነሳም አለ። የሞተሩን ማሞቂያ ኤሌክትሪክ ላይ ሳትሰካ ትታው ገብታ ኖሯል። በዚህ ብርድ።

"እዚሁ ተወልደሽ?" አልኳት።

"ለማንም እንዳትነግሪ። ሶፋው ይበቃኛል።"

ሶፋው አጭር ነው፤ እሷ ረጅም። የላሪሳን ክፍል ከፈትኩ። ከኖቬምበር ወዲህ እንደነበረ የተውኩትን አንሶላ አነሳሁና ሌላ አነጠፍኩላት። በር ላይ ቆማ አየችኝ።

ጠዋት ዊልፍ መጥቶ መኪናዋን አስነሳላት፤ ሄደች። የላሪሳ አንሶላ ወንበር ላይ እንደተጣጠፈ ነበር። ወደ አፍንጫዬ ላስጠጋው ብዬ ተውኩት። አጠብኩት። አሁን ምድር ቤት፣ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል።