በኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ሆዴ

ለተከበሩ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የተሟላ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ከውጭ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን ከቆዳ በታች ያለውንም ጭምር፣ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ በክፍልዎ ተኝቼ ተምሬያለሁና። እኔን ባያስታውሱኝ እንኳ ሆዴን እንደሚያስታውሱት አልጠራጠርም፤ በኮሪደሩ ላይ «የጥሩ ስፌት ምሳሌ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በትልቁ የተሰቀለው ፎቶግራፍ የእርሱ ነው። ሲነሣ ፈቃዴን መጠየቃችሁን አከብራለሁ፤ ፈገግ እንድል መጠየቃችሁ ግን፣ ፊቴ ስለማይታይ፣ እስካሁን አልገባኝም።

በሙያዬ የሕንፃ መርማሪ እንደመሆኔ ያላረጋገጥሁትን አልጽፍም። የተረጋገጠው ይህ ነው፦ የአንጀቴን ቀዶ ሕክምና በተሳካ ሁኔታ ሠራችሁልኝ፤ የላዩ ቆዳ እጅግ አምሮ ገጠመ፤ ሆድን አቅፎ የሚይዘው የውስጠኛው ስፌት ግን ገና አልጋ ላይ ሳለሁ ተለያየ። ይህንንም ከቤቴ ከገባሁ በኋላ በሌላ ቦታ የተነሣሁት የውስጥ ምስል አሳይቷል። በቅርቡ ለዳግም ቀዶ ሕክምና ተመልሼ ጠረጴዛዎ ላይ ስለምወጣ፣ አስቀድሜ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. በክፍልዎ ቁስል የሚጎበኘው በዓይን ነው። ዘወትር ጠዋት ከተማሪዎችዎ ጋር እግርጌዬ ቆመው፣ የልብሴን ጫፍ ገለጥ አድርገው «ውብ ነው» ይላሉ፤ ተማሪዎቹም ራሳቸውን ነቅንቀው ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋሉ። ሆዴን በእጁ የዳሰሰኝም ሆነ «እስቲ ሳል» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ቸልተኝነት ነው አልልም፤ የጥበብ ሥራን መንካት ክልክል መሆኑን እኔም አውቃለሁ።

2. አንድ ቀን ሳስል ውስጤ አንድ ነገር ለቀቀኝ፤ ወዲያውም ፋሻው ሮዝ በመሰለ ውሃ ራሰ። የተጠራው ተረኛ ሐኪም ፋሻውን ቀይሮ፣ ስፌቱን አድንቆ፣ «ጋሼ፣ አንድ ክር እንኳ አልተበጠሰም እኮ፤ ላብ ነው» ሲል አጽናናኝ። ሮዝ ላብ ለሳይንስ አዲስ ግኝት ስለሆነ፣ ጥናቱ ሲታተም ላቡን ያዋጣሁት እኔ መሆኔ እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ።

3. ባለቤቴ ሆዴ እንደሚያብጥ ልትነግርዎ ቢሮዎ ድረስ መጥታ ነበር። እርስዎም በታላቅ ትዕግሥት «እህቴ፣ ሰው ሲድን ይወፍራል» አሏት። በነገር የማትረታው ባለቤቴ «ታዲያ ዶክተር፣ ሲያስል ብቻ ነው እንዴ የሚወፍረው?» ብትልዎ ከልብዎ ሳቁ። ሥራ በበዛበት ቀን ስላሳቅንዎ ደስ ብሎናል፤ እኔ ግን አብሬ መሳቅ አልቻልሁም፣ ሲስቁም ያብጣልና።

4. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ሥጋት ነው። ትናንት ለቀጠሮ ስመጣ በቀድሞ አልጋዬ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ተኝቶ አገኘሁ፤ በሳለ ቁጥር ሆዱን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ውስጡን የሚለቀው ነገር እንዳለ ብጠይቀው፣ «አንተንም እንዲህ አድርጎህ ነበር? እኔማ ስፌቱ አምሯል ሲሉኝ አፍሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት» አለኝ። ስፌቱ ልክ ፎቶግራፉን ስለሚመስል ነገ ወደ ቤቱ፣ ከዚያም ወደ ጭነቱ እንደሚመለስ ተነግሮታል። እኔ ሐኪም አይደለሁምና ውስጡ ተከፍቷል አልልም፤ ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ሰው እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ «እስቲ ሳል» ይበለው እላለሁ። በግል መጻፍ ስችል በአደባባይ የጻፍሁትም፣ እርስዎ ባያነቡት ሹፌሩ ያነበው ይሆናል ብዬ ነው።

ከቆዳ በላይ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን፣ ከቆዳ በታች ላለው ደግሞ ይግባኜን በአክብሮት እያቀረብሁ፣

ላዩ የዳነው ታካሚዎ፣
የሕንፃ መርማሪው

ማሳሰቢያ፦ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ፎቶግራፌ የተሰቀለበትን ግድግዳ በጣቴ መታ መታ አድርጌው ነበር። ከልስኑ ሥር ለቋል፤ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ቀለሙ ግን በጣም ውብ ስለሆነ፣ አይጨነቁ፣ ማንም አይነካውም።