ስለ ጠዋቱ ማንኪያ፣ ለሕንፃችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
አንደኛ ፎቅ፣ በሩ ላይ ነጭ ሽንኩርት የተንጠለጠለበት ቤት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ከሦስተኛ ፎቅ ተነሥቶ የደረጃውን መደገፊያ እየዳበሰ ወደ እርስዎ የሚወርድ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደ ወጉ «ጤናዎ እንዴት ሰነበተ» ብዬ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ ሆኖም ጤናዎ በፎቶግራፍ ተደግፎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለሚለጠፍ፣ ብጠይቅ ሰሌዳውን የማላነብ ሰው እመስላለሁ ብዬ ተውኩት። ጉንጭዎ ወዝ እንዳወጣ፣ ቀበቶዎ ወደ ውስጥ እንደገባ፣ ያቺን ግራጫ ባርኔጣዎን ደፍተው ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ሽቅብ እንደሚወጡት ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ይህ ደብዳቤ ከዚያው ከፎቶግራፍዎ ሥር መለጠፉ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው በቀይ ቀለም ከጻፉት መፈክር ጎን ባዶ ቦታ ስለተገኘ ብቻ ነው።

እኔን ባያስታውሱኝ አልቀየምም። መኪና መንዳት አስተምራለሁ፤ የጡረተኛው አውቶቡስ ሾፌር ልጅ ነኝ። አባቴን ግን በደንብ ያውቁታል፤ ሌላው ሰው እስክርቢቶ በሚሰካበት የኮት ኪሱ ላይ ማንኪያ ሰክቶ፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚሰለፈው እሱ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ በሰሌዳው አጠገብ ለሚያልፉ እንግዶችና አዲስ ለገቡ ተከራዮች ነገሩን ላስረዳ። ሊቀመንበራችን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ የውሃ ፓምፑን፣ የደረጃውን መብራትና ጣሪያውን እንዲጠብቁልን በእጅ ብልጫ መረጥናቸው። ከዚያም ኑሯቸውን ያናጋው የደም ግፊት በቅጠልና በዱቄት ብን ብሎ እንደጠፋላቸው አበሠሩን፤ ጤናን ብቻቸውን ሊበሏት ስላልወደዱም በየጠዋቱ ከፓምፑ ክፍል ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘርግተው ብልቃጥ ይደረድሩ ጀመር። ነዋሪው የየራሱን ማንኪያ ይዞ ይሰለፋል፣ የታዘዘለትን ይውጣል፣ ከዚያ ሊቀመንበሩ የፓምፑን ቁልፍ ያዞራሉ። ያልዋጠ ውሃ አያገኝም ያለ ሰው ፈጽሞ የለም። ብልቃጡና ቁልፉ በአንድ እጅ ላይ መገኘታቸው የአጋጣሚ ጉዳይ ነው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ። ስለ መብራቱ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ፎቅ በሚያወጣው ደረጃ ላይ አምፖሉ መቃጠሉን ስናመለክት፣ ሌላ ሊቀመንበር ቢሆን አምፖል ቀይሮ ይገላገል ነበር። እርስዎ ግን የነገሩን ሥር ስለሚያዩ የካሮት ዱቄት አደሉን፤ ዓይናችን ሲጠነክር ጨለማው በራሱ ጊዜ አፍሮ እንደሚሄድም አጽናኑን። ካሮቱን በትጋት ውጠናል። ጎረቤቴ ከግድግዳው ጋር ግንባር ለግንባር መሳሳሟን ባትተውም፣ ያበጠው ግንባሯ ላይ ቆዳዋ ማማሩን ለመካድ አልችልም። በዚያው መንፈስ ጣሪያው ሲያፈስ ለሳላችን ማር በዝንጅብል፣ ሊፍቱ ሲቆም ለጉልበታችን የዓሣ ዘይት ታዘዘልን። እኛ ሞኞቹ ሕንፃው የታመመ መስሎን ነበር።

ሁለተኛ። ስለ አንጀት ጽዳት ሳምንት። ያን ሰሞን ሰሌዳው ላይ ሁለት ማስታወቂያዎች ጎን ለጎን ወጡ፤ ሁለቱም የእርስዎን ያማረ ፊርማ ተሸክመዋል። አንዱ ነዋሪ ሁሉ በሳምንቱ ውስጥ አንጀት የሚያጥበውን ቅጠል አፍልቶ እንዲጠጣ ያሳስባል። ሌላው የውሃ ፓምፑ ተፈትቶ ለጥገና ስለሚወሰድ በዚያው ሳምንት ውሃ እንደማይኖር በትሕትና ይገልጻል። ለየብቻ ላነበባቸው ሰው ሁለቱም እንከን አይወጣላቸውም። ችግሩ እኛ ሁለቱንም መፈጸማችን ነው። ባልዲ ይዘን በደረጃው ላይ ስንተላለፍ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ያደረግነው ጥንቃቄ እስከ ዛሬ ይታወሰኛል። ደግነቱ ከማንም ጋር የማይነጋገሩት የአራተኛ ፎቅ ባልና ሚስት፣ ፊት ለፊታቸው ካለችው መበለት አንድ ጀሪካን ውሃ ለምነው ታርቀዋል። ሽማግሌ ያልፈታውን ኩርፊያ ቅጠሉ ፈታው፤ ይህም ለእርስዎ ይቆጠርልዎታል።

ሦስተኛ። ስለ ብልቃጦቹ። ንጽሕናን ስለሚወዱ የማርማላታ ብልቃጥ አጥበው ይጠቀማሉ፤ ወረቀቱን መላጥ ግን ስለሚያደክም መድኃኒቱ ሁሉ «የእንጆሪ ማርማላታ» ይላል። እርስዎ እያሸተቱ ይለዩአቸዋል። አንድ ሰሞን ግን አፍንጫዎ ተዘግቶ ነበር (ጉንፋን አላልኩም፤ እርስዎ ጉንፋን እንደማይዝዎ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል)፤ በዚያን ጊዜ ለመክሳት ዱቄት የጠየቀችው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን የምግብ ፍላጎት የሚከፍተውን ወስዳ፣ ለእንግዶች የገዛችውን ዳቦ እንግዶቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ጨረሰችው። ልብሷን በራሷ እጅ ማስፋቷ በጀ እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን ራቁቱን ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ የእኔን ድርሻ ሳልውጥ አፌ ውስጥ ይዤ እስከ ሁለተኛ ፎቅ እወጣለሁ። እዚያ ጥግ ያለውን ትልቁን ተክል አጠጣዋለሁ። ሰሞኑን ቅጠሉን ማርገፍ ጀምሯል። ደንግጬ ነበር፤ በኋላ ግን የእርስዎ ትምህርት ትዝ ሲለኝ መርዙ እየወጣለት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

አራተኛው አባቴ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቢታገሡኝ።

አባቴ ፍሬኑን ሳይረግጥ፣ ጎማውን በእግሩ ሳይመታ አንድም ቀን ከጋራዥ ወጥቶ አያውቅም። መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ መሄድ አልነበረም፣ ስለ መቆም ነበር። «መሄድማ ቁልቁለቱም ያስኬድሻል» ይለኝ ነበር፤ እኔም ዛሬ ይህንኑ ለተማሪዎቼ የራሴ አስመስዬ እናገራለሁ። ይህ ሰው ሐኪም ግፊቱ ከፍ ማለቱን ነግሮት በየጠዋቱ የምትዋጥ ትንሽ ነጭ ክኒን ሲያዝለት እያጉረመረመም ቢሆን ይውጣት ነበር። ማንኪያዎ ከመጣ ወዲህ ግን ክኒኗ መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌ ቁልፎች ጋር ተኝታለች። «እሷ ኬሚካል ናት፣ ይሄ ግን ከመሬት የበቀለ ነው» ይለኛል። ሰው የሚገድል እንጉዳይም ከመሬት ነው የሚበቅለው ስለው፣ «አንቺ ደግሞ ከዳይሬክተሩ ልትበልጪ ነው» ብሎ ወደ ግድግዳው ይዞራል። የመጨረሻው ማስረጃው እርስዎ ነዎት። «እሱም እንደኔው ግፊት ነበረበት። ተመልከቺው እስቲ፣ ደረጃውን እንደ ፍየል ነው የሚወጣው።» ፍየል ያለው እሱ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አይወጣም።

ባለፈው ሳምንት ይኸው ሰው ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ መደገፊያውን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ግድግዳው ዞረብኝ አለ። ግድግዳው እንዳልዞረ እኔ ምስክር ነኝ። ጤና ጣቢያ የወሰድኩት ጊዜ ነርሷ መለኪያውን አየች፣ አባቴን አየች፣ መሣሪያው የዋሸ መስሏት ሌላኛውን ክንዱን አስራ ደገመችው። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ግፊቱ እንዲህ ከቀጠለ ወይ አንደበቱን ወይ ግማሽ አካሉን ይዞበት እንደሚሄድ ነገረችኝ። ይህን ይዤ ወደ እርስዎ ብመጣ፣ አባቴን ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ወንድሜ፣ መርዙ እየወጣ ነው» አሉት። እንዴት ያለ መላ የማያጣ መድኃኒት ነው። ሲሻለው ማንኪያው ሠርቷል፤ ሲብስበት መርዙ እየወጣ ነው። እኔም ተማሪዎቼ መኪናውን ግንብ ላይ ሲሰቅሉት «አይዞአችሁ፣ ግንቡ እየለቀቃችሁ ነው» ብዬ የማልፍበት ሥርዓት ቢኖር ሥራዬ ምንኛ በቀለለልኝ።

እንዳይሳሳቱብኝ፣ ከዝንጅብል ጋር ጠብ የለኝም። ጉንፋን ሲይዘኝ በማር አፍልቼ የምጠጣ ሰው ነኝ። ሐኪሙም ቢሆን ነጭ ሽንኩርቱን ከምግቡ ጋር ይብላ አለ እንጂ አልተቆጣም። በክኒኗ ቦታ አይግባ ብቻ ነው ያለው። ከማርማላታ ብልቃጥ የሚወጣውን ዱቄት ግን አንዳንዱ ከመድኃኒት ጋር ስለሚጣላ አምጡና ልየው ብሏል፤ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «እንጆሪ ነው» አልኩት።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ያልሞከርኩት የለም። ለመንኩት፣ አኮረፍኩት። ማንኪያውን ብደብቅበት ከጎረቤት ተዋሰ። ክኒኗን ሻይ ውስጥ ባሟሟለት አንድ ጊዜ ፉት ብሎ፣ «ሻይሽ ሐኪም ሐኪም ይላል» አለና ወርዶ ያንኑ የሁለተኛ ፎቅ ተክል አጠጣው። ተክሉ ቅጠሉ ቢያልቅም ግፊቱ ሳይስተካከልለት አይቀርም። የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። አባቴ የሐኪምን ቃል እንደ አስተያየት፣ የእኔን እንደ ዝናብ፣ የእርስዎን ግን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ነው የሚሰማው። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነገ ጠዋት ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት፣ በዚያ ጠረጴዛ ፊት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሐኪምህን ክኒን ዋጥ፣ ማንኪያው ከዚያ ይደርሳል» ይበሉልኝ። ይህን ካደረጉልኝ ካሮቱን እስከ ዕለተ ሞቴ እውጣለሁ፤ አልፎም ማንኪያ በአፌ ይዤ ከጎንዎ ፎቶግራፍ እነሣለሁ።

ዕድሜዎ እንደ ማስታወቂያዎ ይርዘም፤ ጥላዎ ከደረጃችን አይጥፋ፤ አምፖሉ ሲቀየር ደግሞ ጥላዎን ለማየት ያብቃን እያልኩ፣ በካሮት የበረታ ዓይኔን ዝቅ፣ በዓሣ ዘይት የላላ ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ በታላቅ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

የሾፌሩ ልጅ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጨለማው በስተግራ

የተረሳ ነገር፦ ከትናንት በስቲያ፣ ምናልባት ሐሳቡን ቢለውጥ ብዬ የአባቴን ክኒን ለመግዛት አደባባዩ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ በዚያ ሙቀት አንገታቸውን በሻርፕ የጠቀለሉ፣ ግራጫ ባርኔጣ እስከ ቅንድባቸው የደፉ አንድ የተከበሩ ሰው ቆመዋል። ባለመድኃኒቷ ያችኑ የአባቴን ዓይነት ነጭ የግፊት ክኒን እያቀበለቻቸው፣ «ጋሼ፣ እንደ ሁልጊዜው ጠዋት ጠዋት፤ እንዳያቋርጧት» አለቻቸው። እሳቸውም «ለእኔ አይደለም፣ ለጎረቤት ነው» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ወጡ። በዚህ ዘመን እንዲህ ለጎረቤት የሚያስብ ሰው መኖሩ ልቤን ነክቶት ከታች እስከ ላይ በር እያንኳኳሁ ጠየቅሁ፤ ክኒን ያስላከ አንድም ጎረቤት አላገኘሁም። የቀረው አባቴ ብቻ ነው። የታሰበችው ለእሱ ከሆነ እስካሁን አልደረሰችውምና፣ ነገ ጠዋት ይዘውለት ይውረዱ። ብቻውን መዋጥ ያሳፍረዋል፤ ከእርስዎ ጋር አብሮ ቢሆን ግን አያንገራግርም። ውሃውን በሁለት ብርጭቆ እኔ ይዤ እጠብቃለሁ፣ ፓምፑ እስኪከፈት አንቆይም።