አስተርጓሚ ጠፋ ያለችው ሣጥን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለደርበው፣

እንደምን ከርመሃል? የዚያ አገር ብርድ ጉልበትህን እንዴት አደረገው? ባለቤትህን ጽጌሬዳን ወገቧ ላይ የሚይዛት ነገር ተሻላት ወይ? ልጆቹስ እንደምን አሉ፣ አማርኛውን ጨርሰው ረሱት ወይስ ትንሽ ቀርቷቸዋል? እኔ ታላቅ እህትህ የሺሀረግ፣ ከእግሬ ቁርጥማትና ከዓይኔ መድከም በቀር ለማርያም ምስጋና ይግባትና አለሁ። አለሁ ማለት ደህና ነኝ ማለት ከሆነ ደህና ነኝ።

ፊደሉ ቢጣመምብህ አትሳቅ። አንተ ቄሱ ዘንድ ፊደል ስትቆጥር እኔ ስንቅህን ተሸክሜ ደጅ እጠብቅህ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ ልጆቼ በሚሆኑ አስተማሪዎች ፊት ነው። ከዚያ በፊት የደረሱህ ደብዳቤዎች ሁሉ በሰው እጅ የተጻፉ ነበሩና «ሁላችንም ደህና ነን» ከማለት ሌላ የነገርኩህ የለም። ሰው ፊት ምን ይባላል? ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ስለሆነ ሁላችንም ደህና አልነበርንም።

አምና ለውብርስት የላክህላት ኮምፒውተር በደህና ደርሶ ነበር። ልጄ ከሥራዋ ስትመለስ በላዩ መጻፍ ትለማመድ ነበር። ከእሷ ይበልጥ ግን ነገሩ የገባው ባሏ ዘርአብሩክ ነው። ሠርጋቸው ላይ ስላልነበርህ አታውቀውም። ከአሥመራ ወጣ ብሎ ያለው የዓዲ ጓዕዳድ ልጅ ነው፣ ፍርድ ቤት የትግርኛውን ቃል ለዳኞቹ በአማርኛ ያስተረጉማል፤ ፓራዲዞ ባለው ቤቴ ከእኔ ጋር ሲኖሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። መብራት በመጣ ቁጥር ያቺን ስስ ጥቁር ዲስክ ከወረቀት ኪሷ አውጥቶ ኮምፒውተሯን ያጎርሳትና ሣጥኗ አጉረምርማ ትነሣለች። እኔ ሃያ ዓመት በዚህ ከተማ ኖሬ ትግርኛ አፌን አልፈታሁበትም፤ ሟቹ ባለቤቴ ጉምሩክ ሳለ ጎረቤቱ ሁሉ በአማርኛ ያናግረን ነበርና አላስቸገረኝም። የቸገረኝ አሁን ነው።

በገና ሰሞን የዘርአብሩክ እናት ኣደይ ንግሥቲ ሊጠይቁን መጡ። እሳቸው ደግሞ አማርኛ የሚባል አይሰሙም። እኔ በወጉ ተነሥቼ ተቀብዬ «እንኳን መጡ፣ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ» አልኳቸው። ሴትዮዋ የያዙትን የሻሂ ብርጭቆ አስቀመጡና ፊታቸው ጠቆረ። ለካ በትግርኛ ከልቢ ማለት ውሻ ነው። እኔ ከልቤ ስል እሳቸው የሰሙት ውሻ ነው፣ በሰው ቤት፣ በበዓል ቀን። ዘርአብሩክ ይህን እያወቀ፣ የተካሰሰ ሰው ሁሉ በአፉ የሚታመንበት ልጅ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ ተናገር ስለው «ኣይፋል፣ ምንም አይደለም» አለኝ። እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ውብርስትም ከማጀት ስትደርስ አማቷ ወጥተዋል፤ «ለወንበዴውም ለሌባውም ታስተረጉማለህ፣ ለእናቴ ሲሆን አፍህ ይታሰራል» አለችው። እሱም ቦርሳውን አንሥቶ እናቱን ሊሸኝ ወጣ፣ እዚያው ቀረ።

አንድ ሰሞን ይመለሳል ብለን ጠበቅን። ጥምቀት አለፈ። ልጄ ሌሊት ስትገላበጥ አልጋው ይነግረኛል፤ ቀን ግን ስሙን አታነሣም። ጎረቤት ሲጠይቃት «ለሥራ ሄዷል» ትላለች፤ በዚህ ዘመን ለሥራ ሄደ የተባለ ወንድ ሁሉ በረሃ እንደ ገባ ሰው ስለሚጠረጥር፣ ያ መልስ ራሱ የሚያስፈራ ነበር።

አንድ ማታ፣ እልህ ይዟት መሰለኝ፣ ኮምፒውተሩን ልክፈት ብላ ተነሣች። ዲስኩን ብትፈልገው የለም። ሌላ ዲስክ ብታጎርሳት ሣጥኗ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጽፋ ቆመች። የልጄ እንግሊዝኛ እንደ እኔ ትግርኛ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤታችንን ጋሽ ዘርዓይን ጠራናቸው። በጣሊያን ጊዜ ጀምረው ባቡር ጣቢያ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ያላወቁት ቋንቋ የለም ይባላል፣ እሳቸውም አይክዱም። መነጽራቸውን ጠርገው «ይህ ዲስክ የሚያስነሣ አይደለም፣ ለውጠህ ስትዘጋጅ የፈለግኸውን ቁልፍ ምታ ትላለች» አሉ። መምታት ብቻ ከሆነ እኔም እችልበታለሁ ብዬ ነበር። ቁልፍ ያለችው ፊደል የተጻፈባቸውን ጥርሶች ነው። ብንመታም ያንኑ መልሳ ጻፈች።

ውብርስት መሳቢያውን ፈትሻ ዘርአብሩክ መገልበጥ ጀምሮ የተወውን ሌላ ዲስክ አገኘች። እሱን ስታገባው ሣጥኗ አጉረመረመች፣ ደስ አለን፤ ከዚያ ሌላ ጽሑፍ ወጣ። ጋሽ ዘርዓይ ሁለቴ አነበቡት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት ያለችው» አሉና «የትእዛዝ አስተርጓሚው ወይ መጥፎ ነው፣ ወይ ጠፍቷል» ብለው ተረጎሙልን።

ልጄ መጀመሪያ ሳቀች። ባሏ ከወጣ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቅ ነበር። ከዚያ ያው ሳቅ ሳያቋርጥ ልቅሶ ሆነ። እኔ ጋሽ ዘርዓይን «ለይታ አትናገርም? መጥፎ ነው ወይስ ጠፍቷል?» አልኳቸው። «እሷም ለይታ አታውቅም የሺሀረግ፣ የሚናገርላት አጥታ ነው» አሉኝ። ሲወጡ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው «እወ፣ አዎ፣ ዲስኳ እሱ ዘንድ ናት፣ ሌላ መድኃኒት የለውም» አሉ። ስለ ዲስክ ብቻ እንዳልሆነ የምንገነዘብ አልመሰላቸውም ይሆናል።

ወንድሜ፣ እንደምታውቀኝ ሰው ደጅ ሄጄ የምለማመጥ ሰው አይደለሁም። የልጄ ዓይን እየጎደጎደ ሲሄድ ማየት ግን ሰለቸኝ። በማግሥቱ ከቀበሌ የደረሰኝን ስኳር በመሐረብ ቋጥሬ ወደ ዓዲ ጓዕዳድ ሄድኩ። ለውብርስት «ዲስኩን ላመጣ ነው» አልኳት። ፌርማታው ላይ ወታደሮቹ ስኳሬን ፈትተው ፈተሹት፣ መልሰው አልቋጠሩትም።

ኣደይ ንግሥቲን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ልጃቸው ሥራ ላይ ነበር። ገባሁ፣ ስኳሩን አስቀመጥኩ፣ ተያየን። ውሻ አላልኩም ለማለት ከጋሽ ዘርዓይ ያጠናሁትን «ከልቢ ኣይበልኩን» አልኩና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ልብ፣ ልብ» አልኩ። እሳቸውም ደረታቸውን ነክተው «ልቢ» አሉ። እንዲህ ቅርብ ነው እንግዲህ። ይህን ያህል ቀን የተጣላንበት ነገር በዚህ አለቀ ብዬ ሳልጨርስ፣ ሴትዮዋ እጃቸውን አወናጨፉና ግማሽ በምልክት ግማሽ በትግርኛ ነገሩን ዱሮም እንደሚያውቁት፣ ልጃቸው ያኔውኑ መንገድ ላይ እንደነገራቸው አስረዱኝ። ቂማቸው ሌላ ነው። «ገዛይ፣ ገዛይ» ይላሉ። እኔ «ልጄን በቤትና በምግብ ገዛሽው» የሚሉኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ፤ ብድግ አልኩ። እሳቸው ግን ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ንገዛይ ኣይመጻእክን» አሉ። ገዛ ለካ ቤት ነው። ልጆቻችን ከተጋቡ ሦስት ዓመት፣ እሳቸው ስንት ጊዜ ሲመጡ፣ አንድ ቀን ቤቴን አልረገጥሽም ነው የሚሉት። ምን እላለሁ? ደክሞኝ ነበር፣ እግሬም ያመኛል፣ መኪናም የለም፤ ይህን ሁሉ በአማርኛ ነገርኳቸው። የሰሙኝ አይመስለኝም። ግን ተቀመጥኩ፣ የሰጡኝንም በላሁ።

ዘርአብሩክ ሲመጣ ሁለታችንም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አየና በሩ ላይ ደረቀ። «መጥፎ ነህ ወይስ የጠፋህ ነህ? ሣጥኗ ጠይቂው ብላኛለች» አልኩት። አልገባውም፤ ሳስረዳው ፊቱን ሸፈነ። ዲስኩ እንደ ወጣበት ቀን በቦርሳው ውስጥ ነበር፤ መኖሩን እንኳ አላየም። ከዚያ ለምን እንዳልተመለሰ ነገረኝ። እናቱ ሌሊት ተኩስ በተሰማ ቁጥር ከአልጋ ሥር ይገባሉ። ብቻቸውን ትቷቸው ሊመጣ አልሆነለትም፤ ይዟቸው እንዳይመጣ ደግሞ ቤቱ የእኔ ነው። «እማማ፣ እርስዎን መጠየቅ ፈራሁ» አለኝ። ለዳኛና ለሻለቃ ሲናገር የማይፈራ ልጅ እኔን ፈራኝ። ይህ እንደ ውርደት ይሁን እንደ ክብር አላወቅኩትም። ደክሞኝ ስለነበር «ይምጡ» አልኩ። 

እንዲህ ሆኖ ልጁ ከእናቱ ጋር ተመለሰ። ዲስኩን አጎረሳት፣ ተነሣች። ለውብርስት ሁለት ግልባጭ አድርጎላታል፣ አንዱ ከመሳቢያ አንዱ ከቁም ሣጥን። ለእኔም አስረድቶኛል፦ ምታ ካለች የገባው ዲስክ ሌላ ነው፤ አስተርጓሚ ጠፋ ካለች ዲስኩ ጎደሎ ነው፤ ጮሃ ዝም ካለች የፊደሉ ገበታ ሽቦ ወልቋል፣ አጥፍቶ መሰካት ነው። አንተ ስትልካት ይህን በአማርኛ ጽፈህ ብታስከትል ምን ነበረበት? የተማርከው አንተ፣ የምንደናበረው እኛ።

አሁን ቤቱን ልንገርህ። ልጆቹ ጠዋት ሥራ ይሄዳሉ፣ እኔና ኣደይ ንግሥቲ ቀኑን ሙሉ ተፋጠን እንውላለን። ሁለት ዶሮ ይዘው መጥተዋል። እኔ ስዘጋ እሳቸው መስኮት ይከፍታሉ። ትናንት ከዶሮዎቹ አንዷ አልጋዬ ላይ ወጥታ አገኘኋትና በአማርኛ የያዝኩትን ሁሉ አወረድኩባቸው። እሳቸውም በትግርኛ አልቀሩም፤ ስለ ዶሮዋ ጀምረው ስለ መስኮቱ፣ ከዚያም ስለ ወጤ ጨው ሄዱ፣ አንዱም አላመለጠኝም። ውብርስት ከሥራ ስትገባ ጩኸቱን ሰምታ ልታስተረጉምልን ከመካከላችን ቆመች። ሁለታችንም በአንድ አፍ ውጪ አልናት።

ጽጌሬዳን ጉንጯን ሳምልኝ። ምንተስኖትንና ትንሿን ቃልኪዳንን አክስታችሁ በእጇ ጻፈች በላቸው፤ ማንበብ ካቃታቸው አንተ አንብብላቸው። ውብርስትና ዘርአብሩክ እጅ ይነሣሉ፣ ጋሽ ዘርዓይም ሰላም ይላሉ። ኣደይ ንግሥቲ ለማን እንደምጽፍ ጠይቀው ለወንድሜ ብላቸው የቐንየለይ በይልኝ አሉ፤ ለምን እንደሚያመሰግኑህ አላውቅም። አንተን የሩቁን ሰው እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

እህትህ የሺሀረግ
አሥመራ፣ ፓራዲዞ
የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.