ከካሴት ያልወጣው ለቅሶ፦ የአቶ አስረስ ዓለምሰገድ የሕይወት ታሪክ

አቶ አስረስ ከአባታቸው ከአቶ ዓለምሰገድ ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰጋሽ ደምሴ በ1954 ዓ.ም. በቱም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በመምህርነት ወደ ሚዛን ተፈሪ ሲዛወሩ አብረው መጥተው ትምህርታቸውን እዚሁ ተከታተሉ። በ1973 ዓ.ም. የከተማውን ኪነት ቡድን የተቀላቀሉት ተዋናይ ለመሆን ነበር። መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ምላሳቸው እየተሳሰረ ስላስቸገረ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቴፕ እንዲይዙ ተደረገ፤ በዚያው ቀሩ።

ሥራቸው ለተውኔት የሕዝብ ድምፅ ማዘጋጀት ነበር። ቴፓቸውን በዘንቢል ደብቀው ገበያውን ይዞሩና የቤንችኛውን፣ የካፍኛውን፣ የአማርኛውን ወሬ ይቀዳሉ፤ ከዚያም አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ ከተዋናዩ ንግግር ሥር ዝቅ አድርገው ያስገቡታል። «ከኋላ ያለ ድምፅ ከጠፋ ጎደለ፤ ከጎላ አበላሸ» ይሉ ነበር። ተመልካች ከጫጫታው መሃል አንዲት ቃል ለይቶ ከሰማ፣ ያን ቀን እራት አይበሉም።

በ1981 ዓ.ም. ከሸዋ ቤንች ከመጡት ከወይዘሮ ውድነሽ ባየ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ዲቦራንና ኤፍሬምን ወለዱ።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ተውኔት የለቅሶ ድምፅ አስፈለገው። አቶ አስረስ የዕድር ሴቶችን ቢለምኑ፣ «ሬሳ በሌለበት አይለቀስም፤ ሟርት ነው» ብለው እምቢ አሏቸው። እሺ ያሉት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። ወይዘሮ ውድነሽ አንዴ ከማይክሮፎኑ አጠገብ፣ አንዴ ከጓሮ፣ አንዴ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው አለቀሱ፤ አቶ አስረስም እየደራረቡ ከአንዲት ሴት አንድ መንደር አልቃሽ አወጡ። ተውኔቱ በታየ ዕለት የአዳራሹ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ማን ነው የሞተው?» እያሉ መጡ። ከተማው ሲስቅ ከረመ።

ሳቁ ዓመት አልቆየም። በ2002 ዓ.ም. ኤፍሬም ከቴፒ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተ። በቀብሩ ላይ ሁሉም ሲጮህ እናቱ ድምፅ አልወጣ አላቸው። «ቀድማ አልቅሳዋለች» የሚሉም ነበሩ፤ ይህ ወሬ ከባልና ሚስቱ ጆሮ ደርሷል። አቶ አስረስ ያ ለቅሶ የተቀዳበትን ካሴት ሊያቃጥሉ ሲነሡ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው፣ «ተወው አስረስ። ለልጄ ያለቀስኩት እሱ ብቻ ነው» አሏቸው። ካሴቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ።

አቶ አስረስ ቴፑ በኮምፒውተር ሲተካም ተምረው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ለቅሶ ግን ዳግመኛ አላስገቡም። ከዚያ ወዲህ ምኞታቸው አንድ ነበር፤ የባለቤታቸው የለቅሶ ድምፅ እንዲመለስ። ጠበል ወሰዷቸው። በየለቅሶው አብረዋቸው እየሄዱ ጆሯቸውን ወደ ሴቶቹ ያዘነብሉ ነበር። ያ ሁሉን የሚለይ ጆሮ የሚፈልገውን አንዱን ድምፅ አላገኘም። ያልወጣ እንባ ሰውን ከውስጥ እንደሚበላ እናውቃለንና፣ እኛም ቤተሰቦቻቸው ስንፈራ ኖረናል።

አቶ አስረስ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሕመሙ እንደጠናባቸው ሲያውቁ ወይዘሮ ውድነሽን ጠርተው፣ «ድምፅሽ እምቢ ካለሽ ካሴቱን ክፈቺው፤ ቤቱ ዝም እንዳይል» አሏቸው።

አቶ አስረስ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ዲቦራ የአባቷን ቃል አስባ ቁልፉን ይዛ ወደ ቁም ሣጥኑ ስትሄድ ከኋላዋ ጩኸት ሰማች። ወይዘሮ ውድነሽ የባላቸውንም የልጃቸውንም ስም እየጠሩ ያለቅሱ ነበር። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ የመጣው በዚያ ድምፅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ማንም ተሳስቶ አልመጣም። ዐሥራ አምስት ዓመት የጠበቁት አቶ አስረስ ብቻ አልሰሙትም።

አቶ አስረስ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ዲቦራንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ የዛሬውንም ለቅሶ ካሉበት ያሰማቸው።