ወ/ሮ ዘይነባን ሳልጠይቃቸው የቀረሁት

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ሁለት ቁስል አጥቤ፣ አንድ ሕፃን ከትቤ፣ ሦስተኛው ቁስል ላይ ሳለሁ ቀበሌ ተጠራሁ። የጠሩኝ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ ጓድ ጸዳለ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከሆስፒታል ሐኪሞች ወደ ጤና ጣቢያችን ይመጣሉ። የማኅፀን በር ነቀርሳ ምርመራ። ምንም ሕመም ለሌላቸው ሴቶች፣ ቀድሞ ለማወቅ። ደስ አለኝ! እንዲህ ያለ ነገር እኛ ሰፈር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ ይመጣል ብዬ አስቤም አላውቅም።

ደስታዬ አልቆየም። ከእኔ ቀጠና ሠላሳ ሴት ይፈለጋል። የቀረች የስኳር ኩፖኗ አይታተምም፣ ብለሽ ንገሪያቸው አሉኝ። ምርመራው ምን እንደሆነስ ልንገራቸው? አልኩ።

«ሲመጡ ያዩታል።»

ረቡዕ፣ ኅዳር 5፣ ከሥራ መልስ

ቤት ለቤት። ዳገቱ ጉልበቴን ጨረሰው። ስለ ኩፖኑ ትንፍሽ አላልኩም። የምለው ይህን ነው፦ ሕመም ለሌላት ሴት ነው። ከወገብ በታች ታወልቂያለሽ። ብረት ይገባል፤ ይቆረቁራል እንጂ ብዙ አያምም። በቀጭን እንጨት ተጠርጎ ስስ መስታወት ላይ ይቀባል፣ በማጉያ ይታያል። ነቀርሳ ከመሆኑ በፊት ሊደረስበት ይችላል፤ ያኔ ይድናል። ምርመራው ሊያመልጠውም ይችላል። ለውጥ አለ ቢሉሽ ነቀርሳ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ሌላ ምርመራ አለው፣ ጭንቀት አለው። መሄዱም መቅረቱም የራስሽ ነው።

እንደ ወ/ሮ ዘይነባ የጠየቀኝ የለም። ከታች ጨርቅ የሚሸጡት። ሐኪሙ ወንድ ነው ሴት? ስሜ የት ይጻፋል? ቢገኝብኝስ የት ልታከም ነው? ወንድ ነው፣ ስምዎም ቀበሌ መዝገብ ላይ ይሰፍራል አልኳቸው። «እንግዲያስ ይቅርብኝ ልጄ። አትቀየሚኝም?»

አልተቀየምኩም። እንዲያውም ኮራሁ። አውቀው ነው እምቢ ያሉት።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

አንዷ ያልኩትን ለቀበሌ ተናግራለች። ደብተሬ፣ በሩን ቆልፌ ነው የምጽፍልሽ።

የቀበሌው ሊቀመንበርና ጓድ ጸዳለ አስቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ ወቀሱኝ። ሴቶችን እምቢ በሉ ብለሽ ቀስቅሰሻል። አድኃሪ ወሬ ነዝተሻል። ምረጡ ነው ያልኩት ብል፣ ሊቀመንበሩ ሳቁ። ዘመቻ ይመረጣል ወይ? ግለ ሂስ ጽፌ በስብሰባ ላይ ላነብ ነው። አንዴ ከሆነ ስሕተት ነው፣ ከተደገመ ግን ሌላ ስም አለው አሉኝ።

ስወጣ ጓድ ጸዳለ በረንዳው ላይ ያዙኝ። ድምፃቸው ሌላ ሆነ። «እኅቴ በዚህ በሽታ ነው የሞተችብኝ። ማንም አልመረመራትም። አንቺ ስለ ምርጫ ታወሪያለሽ።»

አንቺን ከፍራሹ ሥር አውጥቼ ዱቄት ጣሳ ውስጥ ልደብቅሽ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

መጡ። ከእኔ ቀጠና አሥራ ዘጠኝ ሴቶች፤ እየተሳሳቁ ገቡ፣ ጠይቀው ወጡ። ከሌላው ቀጠና ሠላሳው ሞልቷል። ከነሱ አንዷ አልጋው ላይ ብረቱን ስታይ ጮኻ ተነሣች፤ ነጠላዋን ጥላ ሄደች። የነገራት የለም። ሮጬ ሰጠኋት፣ አላየችኝም።

ወ/ሮ ዘይነባ ቀሩ። ግለ ሂሱን አልጻፍኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

አቤት ሞኝነቴ! አቤት!

ክር ልገዛ ወ/ሮ ዘይነባ ሱቅ ገባሁ። ጨርቅ እያጠፉ፣ እንዲያው እንደ ዋዛ፦ «ያ ምርመራ ሕመም ለሌለው ነው ብለሽኝ የለ? ለኔማ አይሆንም ነበር። የወር አበባዬ ከቆመ ሦስት ዓመቱ፣ ከክረምት ወዲህ ግን ደም ታየኛለች። ከድካም ነው መሰለኝ።»

ያን ሁሉ ስናገር አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኋቸውም። ደም ያያሉ ወይ? ይህችው ናት። የጤና ረዳት ነኝ እላለሁ!

ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። እትዬ ዘይነባ፣ ያኔ እምቢ ሲሉ መብትዎ ነበር። አሁንም ነው። ይህ ግን ያ ነገር አይደለም። ደም በብዙ ምክንያት ይመጣል፣ የግድ ነቀርሳ አይደለም፤ ግን ሐኪም ማየት አለበት፣ ቶሎ። እምቢ እንዳይሉኝ እለምንዎታለሁ አልኩ። አለቀስኩ መሰለኝ።

ያንኑ ጨርቅ ሁለቴ ለኩት። ከዚያ፦ «ሴት ሐኪም ከሆነች። ቀበሌ ካልሰማ። አንቺም ከጎኔ ከቆምሽ።»

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ሆስፒታሉ ስልክ ደወልኩ። ሴቷ ሐኪም ኅሙስ ጠዋት ብቻ ነው የምታየው። ወዲያው ከቀበሌ ወረቀት መጣልኝ፤ ግለ ሂስ፣ ኅሙስ ጠዋት 3 ሰዓት።

ሄጄ በሳምንቱ ይሁን ብላቸው ወ/ሮ ዘይነባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬ ወንድ ሆኜልሻለሁ። ሳምንት ካለፈ ራሴን አላምነውም።»

ኅሙስ፣ ኅዳር 20፣ ጠዋት 12፡40

ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ። ሴቶቹን ምርጫ አላችሁ ማለቴን እንደ ስሕተት አልቆጠርኩትም። አንዲት ሴት ደም ይታያት እንደሆነ ሳልጠይቅ መቅረቴን ግን ጻፍኩ፤ ስማቸውን አላነሣሁም። ለጓድ ጸዳለ ደግሞ ከግርጌ፦ ስለ እኅትዎ አዝናለሁ፤ ሴቶቹ ግን ቢጠየቁና ቢነገራቸው ኖሮ በእግራቸው ይመጡ ነበር።

ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደርቃል። ወረቀቱን በቀበሌው በር ሥር አሾልኬ አልፋለሁ። ስብሰባው አልገባም። የሚመጣው ይምጣ። ፈርቻለሁ፣ ለአንቺ አልዋሽም።

ወ/ሮ ዘይነባ በመስኮት ይታዩኛል፤ ታች፣ ውይይት የሚባለው ታክሲ ጋ ቆመዋል። ሹፌሩን አስቁመውታል፤ እጃቸውን እያወዛወዙ ስሜን እየጠሩ ነው። ልሂድ።